ጓዝ ጓዝን ሲጎትት፦ ሸክምን የማቅለል ሳይንስ

የዩኒቨርሲቲዎች የጥሪ ማስታወቂያ በወጣ ሰሞን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ አንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ ብቅ ያለ ሰው ከከተማ ከተማ ብዙም የማይለያይ ትዕይንት ይጠብቀዋል። አዲስ የተመደበው ተማሪ በትልቅ ሻንጣ፣ በጀርባ ቦርሳ፣ በገመድ በታሰረ ብርድ ልብስ፣ ሽሮና በርበሬ በያዘ ማዳበሪያ፣ ጫማ በታጨቀበት ፌስታልና በአንድ ባልዲ ተከቦ ቆሟል። እናት የረሱትን አንድ ነገር ለመጨመር የማዳበሪያውን አፍ እንደገና ይፈታሉ። አባት ከአውቶቡሱ ረዳት ጋር በጭነት ሒሳብ ይከራከራሉ። ይህን ሁሉ ከመድረሻው መናኸሪያ እስከ ማደሪያው አራተኛ ፎቅ ማን እንደሚያወጣው ግን እስካሁን ያነሳ የለም።

ጓዝ ስናበዛ ብዙውን ጊዜ የምንወቀሰው በጠባያችን ነው። «ጓዘ ብዙ» ማለት ቆራጥነት ያነሰው፣ ከቤቱ መለየት የሚከብደው ሰው ይመስለናል። ነገሩን በሚዛንና በመለኪያ የመረመሩት የሰውነት እንቅስቃሴ ተመራማሪዎችና መሐንዲሶች ግን ወቀሳውን ትተው ወደ ሒሳቡ ገብተዋል። ሒሳቡ እንደሚያሳየው የሸክም ዋጋ ዕቃው ሲነሳ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ አይደለም፤ በየእርምጃው ይከፈላል። ከዚህም የባሰው፣ ጨምረን የያዝነው አንድ ኪሎ ራሱን የሚያጓጉዝበት ሌላ ክብደት መጥራቱ ነው። ቀለል አድርጎ መጓዝን መማር ይህን የተደበቀ ክፍያ ከመነሳት በፊት ማየትን መማር ነው።

የፊዚክስ መምህራን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ክብደትን እንደ ገበያ ሰው በኪሎ ግራም እጠራዋለሁ። ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሜዳ ውስጥ የተደበቀ ተራራ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ሥራ» የሚባለውን የፊዚክስ ጽንሰ ሐሳብ የተማረ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያስታውሳል። ሻንጣ አንጠልጥሎ በሜዳ ላይ አሥር ሜትር የተጓዘ ሰው በሻንጣው ላይ የሠራው ሥራ ስንት ነው? መልሱ ዜሮ ነው። ሻንጣውን የሚደግፈው ኃይል ወደ ላይ፣ ጉዞው ደግሞ ወደ ጎን ነውና። ተማሪው መልሱን ጽፎ ነጥቡን ያገኛል፤ ክንዱ ግን አያምነውም።

ክንዱ ልክ ነው። ዜሮ የሚለው መልስ የሚያስኬደው ሻንጣው በለሰለሰ ሐዲድ ላይ እንደሚንሸራተት ከተቆጠረ ብቻ ነው። ሰው ግን ሲራመድ አንደኛው እግሩ እንደ ምሰሶ ይቆምና ገላው በላዩ ላይ ቅስት ሠርቶ ያልፋል። በዚህ ጊዜ የሰውነቱ የክብደት ማዕከል በየእርምጃው አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መልሶ ዝቅ ይላል። የተሸከመውም ዕቃ አብሮት ይወጣል፤ አብሮት ይወርዳል።

እስቲ እናስላው። የአንድ እርምጃ ርዝመት 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በቀን 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው 28,500 ጊዜ ያህል ይራመዳል። ይህን በአራት ሴንቲ ሜትር ስናባዛ 1,140 ሜትር እናገኛለን። ፍጹም ሜዳ በሆነ መንገድ ሲጓዝ የዋለ መንገደኛ ማታ ላይ ቦርሳውን ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ተራራ አውጥቶታል ማለት ነው። ተራራው በዓይን አይታይም እንጂ በአራት በአራት ሴንቲ ሜትር ተቆራርሶ በሜዳው ውስጥ ተበትኗል።

እንደ እድል ሆኖ ሰውነታችን ይህን ዋጋ በሙሉ አያስከፍለንም። ስንራመድ እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም እንሠራለን። ገላችን ከፍ ሲል ፍጥነቱ ይቀንስና ጉልበቱ በከፍታ መልክ ይቀመጣል፤ ዝቅ ሲል ያው ጉልበት ወደ ፍጥነት ይመለሳል። በሚመች ፍጥነት ሲኬድ በዚህ መንገድ ተመልሶ የሚገኘው ጉልበት እስከ ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል። የቀረውን የሚሞላው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ደግሞ ጥሩ ሞተር አይደለም፤ ከምግብ ከሚያገኘው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ቢበዛ ሩቡን ያህል ሲሆን ሌላው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ተሸካሚ በብርድም ቀን የሚያልበው ስለዚህ ነው።

ዕቃው የት እንደተቀመጠም ለውጥ ያመጣል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተደረጉ መለኪያዎች እንዳሳዩት በእግር ላይ የታሰረ አንድ ኪሎ በወገብና በጀርባ አካባቢ ከተያዘ አንድ ኪሎ ከአራት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ጉልበት ይጠይቃል። እግር በየእርምጃው ይወነጨፋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይወነጨፋልና። ለመስክ ጉዞ ብሎ ከባድ ቦት ጫማ የሚገዛ ተማሪ ከቦርሳው ውስጥ ካልሲ በመቀነስ ብቻ ያንን አያካክሰውም።

ሳይንቲስቶች ከተሸካሚዎች የተማሩት

በ1986 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ አስገራሚ ጥናት አወጣ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ማሎይና ባልደረቦቻቸው የሉኦና የኪኩዩ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆኑ የኬንያ ሴቶች ሸክም ይዘው ሲራመዱ የሚጠቀሙትን የኦክስጅን መጠን ለክተው ነበር። የሉኦ ሴቶች በራሳቸው አናት ላይ ይሸከማሉ፤ የኪኩዩ ሴቶች ደግሞ በጀርባቸው አዝለው ማሰሪያውን በግንባራቸው ያሳልፉታል። ሁለቱም ወገኖች ከክብደታቸው እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ይዘው ሲሄዱ የኦክስጅን ፍጆታቸው ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት ጊዜ ሊለይ በሚችል መጠን አልጨመረም። ሸክሙ በነፃ የተያዘ ያህል ነበር። ወጪው መጨመር የሚጀምረው ከ20 በመቶው በላይ ሲታለፍ ነው።

ምክንያቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በዚያው መጽሔት ተብራራ። ቀደም ሲል ያነሳነው የፔንዱለም ልውውጥ በእነዚህ ሴቶች ዘንድ ሸክም ሲጨምር ይሻሻላል፤ ከመውረድ የሚያገኙትን ጉልበት ለሚቀጥለው መውጣት ከሌላው ሰው አብልጠው ያውላሉ። ነገር ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2010 ገደማ በደቡብ አፍሪካ የቆሳ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በራስ መሸከም በጥቅሉ ሲታይ በጀርባ ከመሸከም ያነሰ ጉልበት እንደማይጠይቅ፣ ይልቁንም ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ሰፊ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ውጤት «አፍሪካውያን ሴቶች ሸክም አይሰማቸውም» ብሎ ማጠቃለል ከጥናቱ በላይ መሮጥ ይሆናል።

በኔፓል የታየው ደግሞ ሌላ ነው። የቤልጂየሙ የሉቬን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኖርማን ሄግለንድና ባልደረቦቻቸው በ2005 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት በሂማላያ ተራሮች ወደ ናምቼ ገበያ የሚጓዙትን ተሸካሚዎች መዝነዋል። የወንዶቹ ሸክም በአማካይ ከራሳቸው ክብደት 93 በመቶ፣ የሴቶቹ 66 በመቶ ነበር። ከወንዶቹ አምስት አንዱ ያህል ከክብደቱ 125 በመቶ የሚበልጥ ይዞ ይወጣ ነበር። እነዚህ ሰዎች ይህን የሚችሉበት ዘዴ ከዘዴም የማይቆጠር የሚመስል ነው፤ እጅግ ዝግ ብለው ይራመዳሉ፣ ቶሎ ቶሎ ያርፋሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይጓዛሉ።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ከእንጦጦ ተራራ የማገዶ እንጨት አዝለው ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች ሳያስብ አያልፍም። ብዙ ጊዜ ሸክማቸው ከራሳቸው ክብደት ከግማሽ በላይ ነው። ሰውነት እንዲህ ያለውን ሸክም መልመዱን እንደ ችሎታ ብቻ አድርጎ ማድነቅ አይገባም ባይ ነኝ። የኦክስጅን መለኪያ የማይቆጥረው ሌላ ወጪ አለ፤ የወገብ፣ የጉልበት መገጣጠሚያና የማኅፀን ጉዳት ዓመታት ቆይቶ የሚመጣ ዕዳ ነው። የምንጥለውን የመምረጥ እድል ያለን መንገደኞች መሆናችን በራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጣሪያው ዝቅ ሲል

አሁን ወደ ሰሜን ተራሮች እንውጣ። ከ3,600 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ከ4,400 ሜትር በላይ ወደሆነው የቧሂት ጫፍ 10 ኪሎ ግራም ይዞ የሚወጣ ተማሪ 800 ሜትር ይወጣል። ለቦርሳው ብቻ የሚያስፈልገው ሥራ 78,400 ጁል ነው። የጡንቻን ብክነት ጨምረን ብናሰላው ከምግብ የሚያስፈልገው 75 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ይህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ ነው! ታዲያ ተማሪው ለምን እንደዚያ ያለከልካል?

ጉዳዩ ያለው በጠቅላላው ጉልበት ላይ ሳይሆን ጉልበቱ በሚፈለግበት ፍጥነት ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን ጣሪያ አለው። በ4,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ያ ጣሪያ በሩብ ያህል ዝቅ ይላል። በቆላ ባዶ እጁን ሽቅብ ሲሄድ ከአቅሙ 60 በመቶ የሚጠቀም ሰው እንውሰድ። እዚህ ከፍታ ላይ ያንኑ ሥራ ሲሠራ 80 በመቶ ይደርሳል። የሰውነቱ ክብደት 60 ኪሎ ግራም ቢሆንና 10 ኪሎ ግራም ብንጨምርበት ወደ 93 በመቶ ይወጣል። 60 በመቶ ላይ ያለ ሰው እየተጨዋወተ ይሄዳል፤ 93 በመቶ ላይ ያለ ግን ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ድንጋይ ፈልጎ ይቀመጣል። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ቅነሳው ቀለል ይልለት ይሆናል እንጂ ከሒሳቡ አያመልጥም። የኔፓል ተሸካሚዎች ዝግታም ምሥጢሩ እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ሸክሙን መቀነስ ካልተቻለ የሚቀነሰው ፍጥነቱ ነው።

ከጨረቃ የቀሩት ቦርሳዎች

«ጓዝ ጓዝን ይጎትታል» የሚለው ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በጠፈር ጉዞ ነው። የሩሲያው መምህር ኮንስታንቲን ጽዮልኮቭስኪ በ1903 ባሳተመው ጽሑፍ ሮኬት ራሱ የሚያቃጥለውን ነዳጅ ጭምር መሸከም እንዳለበትና የጭነቱ መጠን በዚህ ምክንያት እንዴት እንደሚያድግ በቀመር አሳይቷል። አንድ ኪሎ ለማንሳት ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ያንን ነዳጅ ለማንሳት ሌላ ነዳጅ፤ ለዚያኛውም እንደዚሁ። ወደ ጨረቃ ሰዎችን ያጓጓዘው ሳተርን አምስት ሮኬት ከምድር ሲነሳ 2,900 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በጉዞው መጨረሻ ሦስቱን ሰዎች ይዛ ባሕር ላይ የምታርፈው ክፍል ግን አምስት ቶን ገደማ ነበረች።

ስለዚህም በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃን ሲለቁ ጠበብቶች ደክመው የሠሯቸውን፣ በጨረቃ ገጽ ላይ በሕይወት ያኖሯቸውን የጀርባ ቦርሳዎች በበሩ ወርውረው ጣሏቸው። በምትኩ 21.5 ኪሎ ግራም የጨረቃ አፈርና ድንጋይ ይዘው ተመለሱ። ቦርሳዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ነበር፤ ድንጋዩ ግን ገና መጀመሩ ነበር። የሚያስቀው፣ ይህን ያህል የተራቀቀው የሰው ልጅ በሻንጣ ላይ ጎማ ስለመግጠም የፈጠራ መብት የሰጠው ጨረቃን ከረገጠ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1972 መሆኑ ነው። ጎማውም ቢሆን የሚረዳው ወለሉ ልሙጥ እስከሆነ ድረስ ነው፤ ኮብልስቶን ላይና ደረጃ ላይ ሲደርስ ራሱ ተጨማሪ ጭነት ይሆናል።

አውሮፕላንም የሮኬትን ያህል ባይብስበትም በዚሁ ሕግ ይገዛል። በረጅም በረራ ላይ አንድ ተጨማሪ ኪሎ ለማጓጓዝ በየሰዓቱ የዚያ ክብደት 3 በመቶ ያህል ነዳጅ ይቃጠላል። በአሥር ሰዓት በረራ ለአንድ ኪሎ ዕቃ ሩብ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ነዳጅ ማለት ነው። ሦስት መቶ ተሳፋሪዎች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ኪሎ ቢቀንሱ ከ350 ኪሎ ግራም በላይ ነዳጅና ከአንድ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይድናል። ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለበት። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም በሳሳ አየር ይደክማሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሰሜን አሜሪካ በረራዎች ለበርካታ ዓመታት ወደዚያ ሲሄዱ እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች አርፈው ነዳጅ ሲሞሉ፣ ከዋሽንግተን ሲመለሱ ግን በቀጥታ ይመጡ የነበሩት አንድም በዚህ፣ አንድም ከምዕራብ በሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ምክንያት ነው። ለዘመድ የታሰበው በርበሬና ቡና 23 ኪሎ አልፎ ሲገኝ ሚዛኑ አጠገብ ሻንጣ ፈትተው ሦስት ሹራብና ሁለት ኮት የሚደራርቡ መንገደኞች ያጋጥማሉ። ክፍያውን ያመልጡ ይሆናል፤ አውሮፕላኑ ግን ኮቱ ሻንጣ ውስጥ ይሁን ገላ ላይ ለይቶ አያውቅም።

የእናቶች ቴክኖሎጂ

ቀለል አድርጎ መጓዝ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ የሚመስለው ካለ የአገራችንን ስንቅ ልብ ብሎ ይመልከት። በእግርና በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀውን መንገድ የሚያውቁ ሰዎች የፈጠሩት ስንቅ ሁሉ አንድ መርህ ይከተላል፤ ውሃ አትሸከም። ትኩስ እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ሲሆን ያ ውሃ እቤት ይቀራል። ሥጋ ቋንጣ ሲሆንም እንደዚሁ። ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ ሲሆን፣ መንገደኛው በደረሰበት ምንጭ ውሃ በጥብጦ የሚጠጣው፣ እሳትም ድስትም የማይጠይቅ ምግብ ይሆናል። ድስቱ መቅረቱ ራሱ የክብደት ቅነሳ መሆኑን እናስተውል።

ከሁሉም የረቀቀው ጭኮ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲይዝ አንድ ግራም ስታርች 4 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። የገብስን ዱቄት በቅቤ ያሸ ሰው ካሎሪ የሚባለውን ቃል ሳይሰማ በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት አምቆ አስቀምጧል። ዛሬ የተራራ ወጪዎች በውድ ዋጋ የሚገዙት የታሸገ የጉዞ ምግብ ከዚህ የተለየ ሐሳብ የለውም። ስለዚህ መናኸሪያው ላይ ያየነውን ማዳበሪያ በችኮላ አንኮንነው። ሽሮና በሶ ከሚይዙት ጉልበት አንጻር ከሻንጣው ዕቃዎች ሁሉ የሚበልጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። የሚያጠያይቀው ባልዲውና የአራቱ ጫማዎች ጉዳይ ነው።

ጋቢም ቢሆን ምርመራ ይገባዋል። አራት እጥፍ ሆኖ የሚሠራው ጋቢ በድርቦቹ መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ይይዛል፤ ሙቀትን የሚጠብቀውም ክሩ ራሱ ሳይሆን ይኸው አየር ነው። ቀን ልብስ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ትራስ ይሆናል። አንድ ዕቃ ሦስት ሥራ ሲሠራ ሁለት ዕቃዎች እቤት ይቀራሉ። ደካማ ጎኑ ዝናብ ነው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ የራሰ ጋቢ ከባድም ቀዝቃዛም ይሆናል። ጋቢ ይዞ ስስ የዝናብ ላስቲክ የረሳ መንገደኛ ግማሹን ሒሳብ ብቻ ሠርቷል።

«ምናልባት» ስንት ኪሎ ይመዝናል?

ሻንጣ ሲታሰር ከሚነገሩ ቃላት ሁሉ ከባዱ «ምናልባት» ነው። ምናልባት ይበርደኝ ይሆናል፣ ምናልባት ሠርግ ያጋጥመኝ ይሆናል፣ ምናልባት የአሥረኛ ክፍል ደብተሬ ያስፈልገኝ ይሆናል። ከዚህ ቃል ጋር መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም፤ መለካት ግን ይቻላል። የይሁንታ ትምህርት እንደሚያስተምረን መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው። ዕቃው የሚያስፈልግበት እድል ምን ያህል ነው? ሳይኖር ቢቀር ጉዳቱ ምንድን ነው? ክብደቱስ? ሁለት ኪሎ የሚመዝን ወፍራም ኮት ከሃያ ቀን አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል፤ ያን ቀን ሁለት ሹራብ በመደረብ ወይም ከጓደኛ በመዋስ ይታለፋል። የውሃ ማከሚያ ኪኒን ደግሞ ምናልባትም ከሃያ ቀን አንድ ቀን ነው የሚያስፈልገው፤ ነገር ግን ክብደቱ ጥቂት ግራም፣ አለመኖሩ የሚያስከትለው ጉዳት የሳምንት ሕመም ነው። የሚገርመው፣ ብዙዎቻችን ኮቱን ይዘን ኪኒኑን መርሳታችን ነው። ፍርሃታችን የሚመዝነው ትልቁን ዕቃ ነው።

ሌላው ወጥመድ ቦርሳው ራሱ ነው። ሰፊ ቦርሳ ባዶ ሆኖ መሄድን አይወድም፤ ክፍተት ባየን ቁጥር የሚሞላ ነገር እንፈልጋለን። ትልልቅ ሻንጣዎች ደግሞ ገና ምንም ሳይገባባቸው አራትና አምስት ኪሎ ይመዝናሉ። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጓዦች አስቀድመው ቦርሳውን ያሳንሳሉ፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ራሱን ያሳንሳል። ኤማ ጌትውድ የተባሉ የአሥራ አንድ ልጆች እናት የሆኑ አሜሪካዊት በ1955 በ67 ዓመታቸው ከ3,200 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ብቻቸውን ሲጨርሱ የያዙት በእጃቸው የሰፉትን አንድ ከረጢት ነበር። በውስጡ ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ እንደ መጠለያ የሚያገለግል የመታጠቢያ ቤት ላስቲክና ጥቂት ምግብ እንጂ ድንኳን አልነበረም። በእግራቸው ያደረጉትም ቀላል የሸራ ጫማ ነበር። የእግር ላይ ክብደትን ሒሳብ ያነበበ ይህን ምርጫ ያደንቃል። የእሳቸውን ያህል መቀነስ ለሁሉም ሰው እንደማይመከር ግን መናገር ያስፈልጋል፤ በሰሜን ተራሮች ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ እዚያ ሙቅ ልብስ የሚቀነስ ዕቃ አይደለም።

ስልክም አንድ ነገር ያስተምረናል። ካሜራ፣ የእጅ ባትሪ፣ ካርታ፣ መዝገበ ቃላትና የመማሪያ መጻሕፍት በአንድ መዳፍ ውስጥ ገብተዋል፤ ይህ ከባድ ማቅለል ነው። ወዲያው ግን ቻርጀር፣ ገመድ፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ የጆሮ ማዳመጫ ተከትለውት መጡ።

ይህን ሁሉ ለመማር ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ የሠፈር ባለሱቅ ሚዛን ነው። ከመነሳት በፊት እያንዳንዱን ዕቃ መዝኖ በደብተር መጻፍ፤ ከአንድ ወር በኋላ ዝርዝሩን አውጥቶ በየቀኑ ከተጠቀሙበት፣ አንዴ ብቻ ከነኩትና ጭራሽ ካላዩት ጎን ምልክት ማድረግ፤ ከዚያም ጭራሽ ያላዩትን ክብደት መደመር። የሳይንስ ክበባት ቢሠሩት ጥሩ የመስክ ጥናት ይወጣዋል። ለመነሻ ያህል የአራተኛውን ፎቅ ሒሳብ እነሆ። ፎቁ 12 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን 30 ኪሎ ዕቃ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሥራ 3,500 ጁል ገደማ ነው። ዕቃው በአንድ ጊዜ አልያዝ ብሎ በሦስት ዙር ቢወጣ ግን 60 ኪሎ የሚመዝነው ተማሪ የራሱን ገላም ሦስት ጊዜ ያወጣል፤ ይህም ከ21,000 ጁል በላይ ይሆናል። ከዕቃው ስድስት እጥፍ!

የማይጣለው

ቀላል መሆንን ግብ ያደረገ ሰው ሁሉንም ነገር ወደ መጣል ሊያደላ ይችላል። ለዚህ ከደቡብ ዋልታ የተሻለ ማሰላሰያ አላውቅም። የኖርዌዩ ሮአልድ አሙንድሰን ከመነሳቱ በፊት አናጺው ኦላቭ ቢያላንድ ክረምቱን ሙሉ የበረዶ ተሽከርካሪ ማጓጓዣዎቹን እንጨት እየላገ እንዲያቀልላቸው አደረገ፤ በውሾች እየተጎተተም በታኅሣሥ 14 ቀን 1911 ዋልታውን ረገጠ። የእንግሊዙ ሮበርት ስኮትና አራት ጓደኞቹ ማጓጓዣቸውን በራሳቸው ትከሻ እየጎተቱ በጥር 17 ቀን 1912 ሲደርሱ የቀደማቸውን ባንዲራ አገኙ። ሲመለሱ አምስቱም አለቁ።

በመልሱ ጉዞ በየካቲት ወር በቢርድሞር የበረዶ ግግር አጠገብ ሲያልፉ፣ በረሃብና በብርድ ተዳክመው ሳለ፣ ሐኪሙና ሳይንቲስቱ ኤድዋርድ ዊልሰን ከቋጥኞቹ መካከል ናሙና ሰበሰቡ። ክብደቱ 16 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ስንት እርምጃ እንደጎተቱት እላይ ባየነው ሒሳብ ማስላት ይቻላል። ድንጋዮቹ ለሞታቸው አስተዋጽኦ አድርገዋል አላደረጉም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከማጓጓዣው ጠቅላላ ጭነት አንጻር ድርሻቸው ትንሽ እንደነበር ግን ግልጽ ነው። ፈላጊዎች በኅዳር 1912 ድንኳኑን ሲያገኙ የሦስቱ ሰዎች አስከሬን በውስጡ ነበር፤ ድንጋዮቹም ሳይጣሉ አብረዋቸው ደርሰዋል።

ከድንጋዮቹ መካከል በአንዳንዶቹ ላይ ግሎሶፕቴሪስ የተባለ ከምድር ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት የሆነው የዛፍ ቅጠል ታትሞ ተገኘ። ያው ቅጠል በሕንድ፣ በአፍሪካ፣ በደቡብ አሜሪካና በአውስትራሊያ ድንጋዮችም ውስጥ አለ። እነዚህ አህጉራት በአንድ ዘመን ከአንታርክቲካ ጋር አንድ ምድር እንደነበሩ ከሚያስረዱት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። ናሙናዎቹ ዛሬ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ።